አባቴ ነው ብለህ የለቀቅከው ዓሣ

ውድ ኤልዉድ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ በሌላ ቃል ሲጀመር አይቼ ስለማላውቅ ነው። ደግሞም ውሸት አይደለም፤ ዘንድሮ እውነትም ውድ ሆነህብናል። ስልክ ደውዬ እንዳልነግርህ ባለፈው ስቀህ ዘጋህብኝ። ወረቀት ላይ ግን አታቋርጠኝም።

ነገሩን ከየት እንዳገኘሁት ልንገርህ። ማክሰኞ ዕለት እኔና እማዬ መንገድ ዳር ቁጭ ብለን በጭስ ያደረቅነውን ሳልሞን እንሸጥ ነበር። ከጎረቤት ክፍለ ሀገር ከአልበርታ የመጡ ሁለት ሰዎች መኪናቸውን አቁመው ወረዱ። ፊታቸው በፀሐይ ቀልቷል፤ የምትሠራበትን የዓሣ አስጎብኚ ድርጅት ቆብ አድርገዋል። ወፍራሙ ሰውዬ ገና ዓሣውን ሳያይ ስልኩን አወጣ።

«የዚህ አገር ሰዎች አይደላችሁ? ይሄን አስጎብኚያችንን ታውቁት ይሆናል! እንዲህ ያለ ሰው በሕይወቴ አላየሁም» አለና ስልኩን ለእማዬ ሰጣት። ለእኔ ሰጥቶኝ ቢሆን ፍሬዘር ወንዝ ውስጥ እወረውርለት ነበር።

እማዬ መነጽሯን አድርጋ ቪዲዮው ላይ አየችህ። እስከ ወገብህ ውሃ ውስጥ ቆመሃል። ያን የሚያክል ስተርጅን፣ ከእኔ ቁመት የሚበልጥ ዓሣ፣ እንደ ሕፃን አቅፈሃል። እንግዶችህ ከበውህ ፎቶ ይነሳሉ። አንተም መንጠቆ የተሰካበትን አፉን ወደ ካሜራው አዞርክ።

«ተዋወቁት፤ አባቴ ነው» አልክ። «እኛ ዘንድ ወንዝ የወሰደው ሰው ከስተርጅን ጋር ነው የሚኖረው። ጢሙን እዩልኝማ፣ ቁርጥ የሽማግሌው! ሲጎትቱት አይወድም ነበር፤ ለእናንተ ሲል ነው የወጣው።»

ሰዎቹ አውካኩ። ከመካከላቸው አንዷ ሴት ደግሞ እንባዋን ጠረገች። አንተ የዓሣውን አፍንጫ ሳምክና ለቀቅከው። «ደህና ሁን አባዬ! ሐሙስ ሌሎች እንግዶች አሉን፣ እንዳትቀር!» አልከው።

እማዬ ሰውዬውን «ድገመው እስቲ» አለችው። ደገመላት። «ያገኘው ያን ቀን ብቻ ነው?» ብላ ጠየቀችው።

«ኧረ እማማ፣ በየበጋው ይይዘዋል እኮ! ዘንድሮ ብቻ አምስተኛው ነው ብሎናል» አላት። ደስ ብሎት ነው የነገራት። እሷም ስልኩን መለሰችለት፣ ትልቁን ሳልሞን መርጣ ጠቀለለችለት፣ ገንዘብ ግን አልቀበልም አለች። በኋላ ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «ባሌን አይቶ የመጣ ሰው ነው» አለችኝ።

ማታውኑ ደወልኩልህ። «ቀልድ ነው እኮ እትዬ!» አልከኝ። «እንግዳ ሁሉ ታሪክ ይፈልጋል። ዓሣውን እንደሆነ ይዘውት አይሄዱም፤ ሕጉ ልቀቁ ነው የሚለው። ታዲያ ምን ይዘው ይግቡ? አንቺ ሳልሞን ትሸጫለሽ፣ እኔ ወሬ እሸጣለሁ። ጉርሻውን ብነግርሽማ!»

እኔ የምሸጠው የሚበላ ነገር ነው። በሚበላ ነገር አይቀለድም ተብለን ነው ያደግነው፤ አንተም አብረኸኝ ሰምተሃል። አያቶቻችን የበሉት ዓሣ ዛሬ መረባችን ውስጥ ሲገባ ፈትተን እንለቀዋለን፤ ቁጥሩ አንሷል ብለውናል፣ እሺ ብለናል። አንተ ግን ጎትተህ፣ አድክመህ፣ ፎቶ አስነስተህ ትመልሰዋለህ፤ ስሙም ስፖርት ነው። ልጆች አሉህ፣ ሥራ ነው፣ ሆድ ይፍጀው ብዬ ስንት ዓመት ዝም አልኩ። አባታችንን ግን ማን ሰጠህ?

ለመሆኑ እማዬ ያን ነገር ለማን ብላ እንደተናገረችው ታስታውሳለህ? ለእኔ አልነበረም። የአባዬ ጀልባ ከድልድዩ በታች ተገልብጦ የተገኘ ጊዜ፣ ፈላጊዎቹ ተስፋ ቆርጠው ሲሄዱ አንተ ብቻ እንቢ አልክ። ገና ጎረምሳ ነበርክ። ገመድ ላይ መንጠቆ አስረህ ሬሳውን ፍለጋ በወንዙ ወለል ላይ ስትጎትት ትውል ነበር። ውርጭ ነው፤ መዳፍህ ተልጧል፤ እህል አልቀምስም ብለሃል። እማዬ ከነልብሷ ውሃው ውስጥ ገብታ ገመዱን ከእጅህ ቀማችህ። «በቃ ልጄ፣ ተወው። ወንዝ የወሰደው አይጠፋም። ታች ከስተርጅኖቹ ጋር ነው፤ እዚያ አይበርደውም። በመንጠቆ አትውጋብኝ» አለችህ። አለቀስክ፤ ከዚያ ቤት ገብተህ ሾርባ ጠጣህ። እማዬ ያን ያለችው አንተ እህል እንድትቀምስ ነበር። እያደር ግን እሷም በዚያው ቃል መኖር ጀመረች፤ ሄዳ የምታለቅስበት መቃብር የላትማ። አንተ ቃሏን አንስተህ ከነዓሣው ለመንገደኛ አሳየኸው።

ራስ ሲመለጥ፣ አፍ ሲያመልጥ አይታወቅም ይላሉ። ያንተ አፍ አምልጦህ ቢሆን ይቅር እልህ ነበር። አንተ ግን አጥንተኸዋል! የቱ ጋ ቆም ብለህ የቱ ጋ እንደምታስቅ ሳይቀር ታውቃለህ። አፈርኩብህ ኤልዉድ። ማፈር ብቻ አይደለም፣ ጠላሁህ፤ እጽፈዋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፣ ይኸው ጻፍኩት።

ከማክሰኞ ወዲህ እማዬ ወደ ገበያችን አትመጣም። የአባዬን የሱፍ ጃኬት አውጥታ አጠበችው፤ ጠዋት ጠዋት እሱን ታቅፋ ጀልባ ማቆሚያው ላይ ትቀመጣለች። የሞተር ድምፅ በሰማች ቁጥር ብድግ ትላለች። አንተ ደግሞ በማዶ በኩል ጀልባህን አክንፈህ ታልፋለህ፤ የማናይህ መስሎህ ነው? ጃጅታ ነው እንዳትል። ትናንት እንኳ ሳልሞኑን አሳረርሽው ብላ ልክ ልኬን ነግራኛለች።

«እማዬ፣ ቀልድ እኮ ነው» ልላት አስቤ ነበር። ቀልድ ነው ካልኳት፣ አይበርደውም ያለችው ነገርም አብሮ ይፈርስባታል። እውነት ነው ካልኳት ደግሞ ባሏ በየሳምንቱ መንጠቆ ላይ ነው። በሁለቱም በኩል መውጫ አሳጣኸን።

ስለዚህ እሑድ ትመጣለህ። ብቻህን፤ እንግዳ የለ፣ ካሜራ የለ። ምን እንደምትላት አልመክርህም፣ ስለ አንተም አልዋሽላትም። ከቀረህ ግን ሰኞ እማዬን ጀልባ ላይ አሳፍሬ እንግዶችህ መሀል አመጣታለሁ። ያኔ እንደለመድከው አስተዋውቃት።

የምትጠይቅህ አንድ ነገር ነው። ትናንት ጃኬቱን እያጣጠፈች መጀመሪያ እኔን ጠየቀችኝ፤ እኔም ጥያቄውን እንዳለ ልኬልሃለሁ፦

«ቬርና፣ ያን ያህል ጊዜ እጁ ከገባ፣ አንዴ እንኳ ለምን ወደ ቤት አላመጣልኝም?»

እህትህ ቬርና