የኤዶ ኤብላን በርካ ስላስተዳደሩልን

ለዓለም አቀፍ የመጠለያ ጉባኤ
የጅጅጋ አውራጃ ቅርንጫፍ የበላይ ኃላፊ
የካቲት 1982 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። በጄኔቫ የሚገኙት አለቆችዎ፣ የአለቆችዎም አለቆች እንደምን ከርመዋል? እኛ አቧራው ከሚያስለን በቀር ደኅና ነን። መኪናዎ ትናንት በትምህርት ቤታችን በኩል ስታልፍ መስኮቶቿ ሁሉ ተዘግተው ስላየሁ፣ የእርስዎ ሳንባ ከእኛ እንደሚሻል ተረድቼ ተደስቻለሁ።

ከመጠለያው ሜዳ ዳር ባለችው መንደር የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ለልጆቹ የዓለም አቀፍ ድርጅቶችን ጥቅም አስተምራለሁ። ጦርነት ለሸሸ መጠለያ፣ ለተጠማ ውሃ፣ ይላል መጽሐፉ። በጥቁር ሰሌዳው ላይ እገለብጠዋለሁ። ከዚያ ቶሎ አጠፋዋለሁ። ለምን እንደምቸኩል ራሴንም አልጠየቅሁትም። ያም ሆነ ይህ፣ የማመሰግንዎት ብዙ ነውና በተራ ላቅርበው።

አንደኛ። ስለ መጠየቅ ችሎታዎ። የምኖረው በወይዘሮ ኤብላ ግቢ ተከራይቼ ነው፤ መንደሩ ሁሉ ኤዶ ኤብላ ይላቸዋል፣ አክስታችን እንደ ማለት። ከሟች ባላቸው ጋር ያስቆፈሩት፣ በሲሚንቶ ያስለበጡት በርካ አላቸው፤ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ ነው። ምን እንደ ሆነ ላስረዳዎ አይገባም፤ አሁን የእርስዎ ነውና። በግንቦት 1980 ከሐርጌሳ ጦርነት የሸሹት ሰዎች ሜዳውን ሲሞሉት፣ ኤዶ ኤብላ የበርካውን የእሾህ ክዳን አነሡላቸው። የለመናቸው አልነበረም። በዚህ አገር እንግዳ ሲጠጣ ባለ ውሃው ፊቱን ዘወር አድርጎ ይቆማል፤ የሚቆጥርበት እንዳይመስል።

ዘንድሮ መስከረም ላይ የውሃ ባለሙያዎ መጡ። ሂቦ የምትባል ከሐርጌሳ የመጣች ወጣት እናት እየጠጣች ሳለ፣ በአስተርጓሚው በባሬ በኩል «ይህ ውሃ የማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ኤዶ ኤብላም «የአላህ ነው። አንተም ጠጣ እንጂ ልጄ፣ ምን ትጠይቃለህ?» አሉ። የተጠማ ሰው ቅል አፉ ላይ አድርጎ ሳለ «የእኔ ነው» ማለት እዚህ ነውር ነው። ባሬ ይህን ሊያስረዳ አፉን ሲከፍት ባለሙያዎ መኪና ውስጥ ገብተው ነበር። ወሩም ሳይሞላ ጉባኤዎ ወሰነ፦ ውሃው ባለቤት ስለሌለው በጉባኤው ሥር ይተዳደራል። ጨዋነት በሰው ላይ ማስረጃ ሆኖ ሲቀርብ ያየሁት ያኔ ነው።

ሁለተኛ። ስለ አጥሩ፣ ስለ ዘበኛውና ስለ ካርዱ። በርካው ታጥሮ ዘበኛ ቆሞበታል፤ ለመቅዳት የስደተኛ ካርድ ያስፈልጋል። ኤዶ ኤብላ ስደተኛ አይደሉም፤ ከዚህ ተነሥተው የትም አልሄዱም። ጥፋታቸው ይኸው ነው። የቢሮዎ ጸሐፊ እንደ መከረቻቸው ከሆነ፣ ድንበሩን ተሻግረው ቢመለሱ ካርድ ያገኙ ነበር። ማዶ ግን ጦርነት አለ። ጸሐፊዋ ረስታው ይሆናል። ወይም አልረሳችውም። የትኛው እንደሚብስ ሳስብ እውላለሁ።

ሦስተኛ። አቤት አልን። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ካሳሁን «ጉዳዩ ዓለም አቀፍ ነው፤ እኔ አልደርስበትም» አሉን። እርስዎ ዘንድ ስንመጣ «ጉዳዩ የአገር ውስጥ ነው፤ ሉዓላዊነት እናከብራለን» ተባልን። ኤዶ ኤብላ ከደጅዎ ሲወጡ «ታዲያ እኔ የምኖረው የት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ቤት ገብቼ ካርታዬን ዘረጋሁ።

አራተኛ። ረጅሙ በጋ፣ ሶማሌዎቹ ጂላል የሚሉት፣ ገባ። እኛ ከጅጅጋ በአህያ በሚመጣ ውሃ ከንፈራችንን እናርሳለን፤ ለኤዶ ኤብላ ፍየሎች ግን አይተርፍም። ወደ አጥሩ ሄደው ይቆማሉ። የውሃው ሽታ ይደርሳቸዋል። ይህ እንኳ አቤቱታ አይደለም፤ ቁጥር ስለ ሰጠሁት ይቅርታ ያድርጉልኝ።

አምስተኛ። አንድ ጠዋት ሂቦ ኤዶ ኤብላን በክንዳቸው ይዛ ከወረፋው ፊት አቆመቻቸው። ዘበኛው «ካርድ!» አለ።

«ዛሬ እንግዳዋ እሳቸው ናቸው» አለችው ሂቦ፤ «እንግዳ ይቀድማል።»

«የማን እንግዳ?»

«የእኛ ነዋ! እኛ ካርድ አለን አይደል?»

ከኋላ ባቱሎ የምትባል አሮጊት «አንተ ልጅ፣ ይህ አጥር ሳይኖር አንተንስ ያጠጣህ ማን ነበር?» ስትል ሴቶቹ ሳቁ። ዘበኛውም ሳይወድ ሳቀና በሩን ከፈተ። ፍየሎቹም ጠጡ። ለጥቂት ቀናት ዓለም ያለ ስብሰባ ተስተካክላ ሰነበተች።

እርስዎ ግን አይተኙም። ባለፈው ሰኞ ማስጠንቀቂያዎ በሩ ላይ ተለጠፈ፦ ካርድ ለሌለው ሰው ውሃ የሚያጋራ ስደተኛ ካርዱ ይሰረዛል። የሂቦ ስም በግልጽ ተጠቅሷል። ካርዷ ከሄደ ዱቄቱም፣ የልጆቿም ወተት አብሮ ይሄዳል። ባሬ ሲያነብላቸው ሂቦ «ይሰርዙት! ምን ያመጣሉ?» አለች። ኤዶ ኤብላ ልጆቿን አዩ። በማግስቱ ዕቃቸውን በግመል ጭነው፣ መራመድ የቻሉትን ፍየሎች ነድተው፣ እህታቸው ወዳለችበት ወደ ቱሊ ጉሌድ ሄዱ። ሲሰናበቱኝ «ልጅቷ ትጠጣ» አሉኝ።

እንኳን ደስ አለዎት፣ ክቡር ሆይ። ስደተኛ ለማስጠለል የተቋቋመው ጉባኤዎ፣ ጦርነቱ ያልነቀላቸውን ሴት ነቅሎ አሰደደ። ያውም ጥይት ሳይተኩስ፣ በሚገባ በተጻፈ ቋንቋ። ተማሪዎቼ እነዚህን ሰዎች ማን መረጣቸው ብለው ቢጠይቁኝ፣ መንግሥታት ናቸው እላለሁ። መንግሥታትንስ ማን መረጣቸው ቢሉኝ... እዚህ ላይ ደወሉ ቢደወልልኝ ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር እለምናለሁ። የሂቦን ካርድ ይተዉላት። ሰበቡ ተነሥቶ ሄዷል።

የጥም ሁሉ አስተዳዳሪ ለሆነው ጉባኤዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ከአጥርዎ ውጭ ባለው ዓለም የምገኝ፣ ታዛዥዎ ለመሆን እንኳ ካርድ ያላገኘሁ፣

አምሀ ወልደሥላሴ

ማስታወሻ፦ የጉባኤው ስም በሦስት ቋንቋ የተጻፈበት ትልቁ የብረት ታፔላ በትናንትናው ዕለት በርካው አጠገብ ተተክሏል። ወረፋ የሚጠብቁት ሴቶች ከፀሐይ ሸሽተው ጥላው ሥር ይቀመጣሉ፤ እኛም እንጠጋለን። ካርድ ሳይጠየቅበት የምናገኘው አገልግሎትዎ እስካሁን እሱ ብቻ ስለሆነ፣ እባክዎ ለጄኔቫ እንዳይነግሩብን።