የሽልሻሎ ሰሞን ከአያ ሞላ ጋር

ረቡዕ፣ ሐምሌ 17

በሬዬ ከአያ ሞላ ማሳ ተመልሶ ደጃፋችን ላይ ወደቀ። ግራ ጎኑ እንደ ከበሮ ተነፍቷል፤ አረፋ ይደፍቃል። ባለቤቴ ዘነቡ መንጋጋውን ፈልቅቃ ጣቷን አስገባች። የማሽላ ቅጠል አወጣች።

ሰኔን በጥም ቀጭጮ ከርሞ ዝናብ ሲያገኝ ያቆጠቆጠ ማሽላ ከብት እንደሚገድል ሮቢት ውስጥ የማያውቅ የለም። ለዚህ ነው ለሽልሻሎ፣ ማለት በበቀለው ማሽላ መሐል ስናርስ፣ የበሬዎቹን አፍ በገመድ መረብ የምንሸፍነው። ሞላ የራሱን በሬ ሸፍኗል። የኔን አልሸፈነም።

ከድርቁ ወዲህ ለየቤታችን አንድ አንድ በሬ ነው የቀረን። አቀናጅተን በተራ እናርሳለን። አምና ወደ ማሳችን በምንጠልፈው የጎርፍ ውኃ ተራ ከተጣላን ጀምሮ ሰላምታችን የግድ ነው፤ መቀናጆው ግን ቀጠለ። የሱ ማሳ ዛሬ አለቀ። ከነገ ጀምሮ ተራው የኔ ነበር።

አሬራ ጋትነው፤ ሆዱን አሸነው። ጎረቤት ተሰበሰበ፤ ሞላም መጣ። «ሳይሞት ባርከህ እረደው፤ ሥጋው ይትረፍ» አለኝ።

«ዛሬ ረቡዕ ነው፣ አያ ሞላ» አለችው ዘነቡ። «ጾሙን ረሳኸው ወይስ ሥጋው አስጎመጀህ?»

ሰው ሳቀ። በዚህ ሙቀት ሥጋ አያድርም። ቢላ ይዘው የመጡት ወደየቤታቸው ገቡ። በሬዬን ለዛሬ ያተረፈው ጾሙ ነው።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 18

አልሞተም። ሆዱ ጎድሏል፤ እግሮቹ ግን ይንቀጠቀጣሉ። ቀንበር የማይታሰብ ነው።

የሚያስጨንቀኝ ማሳው ነው። አረሙ ማሽላውን ሊውጠው ደርሷል። መሬቱ አሁን እርጥብ ነው፤ ፀሐዩ እንዲህ ከከረረ ግን ማረሻ አያስገባም። ነገ ገብርኤል፣ ከዚያ ቅዳሜና እሁድ፤ አይታረስም። ለመንግሥት የምናስረክበው የኮታ እህል ደግሞ በሬ ታመመ ቢሉት አይሰማም።

ሞላ ቤት ሄድኩ። ከበሬህ ጋር የሚጠመድ ፈልገህ ተራዬን ስጠኝ አልኩት።

«በሬህ ሌሊት ገመድ በጥሶ የራስህን ማሽላ በልቶ ይሆናል። እኔን ምን አድርግ ነው የምትለኝ?»

«አፉን ለምን አልሸፈንከውም?»

«ሸፍኛለሁ።»

ውሸታም አልኩት። በዕድሜ ታላቄ ነው፤ ግን አልጸጸተኝም። ሚስቱ በሩን ዘጋችብኝ።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር መንገድ ላይ አግኝቶ ጉዳዩን ወደ ሸንጎ አምጣው አለኝ። ሸንጎው እስኪሰበሰብ ማሳዬ አረም ይሆናል። ሽማግሌ ይሻለኛል ስለው ፊቱ ጠቆረ። እሱም ቂም ያዘብኝ ማለት ነው።

ዓርብ፣ ገብርኤል

ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ግቢው ውስጥ ተቀመጡ። ብዙ አልጠየቁም። አንዱ ብቻ፣ «ሞላ፣ ያለኸው ገብርኤል ደጅ ነው። የሰውየውን በሬ አፍ ሸፍነህ ከሆነ ማልና ይለቅ» አሉ።

ሞላ ጋቢውን አስተካከለ፤ ሳለ። «ለበሬ ብዬ አልምልም» አለ።

እዚህ አገር አልምልም ያለ ሰው አመነ ማለት ነው። ፈረዱበት፤ ሰኞ ማሳዬን በገዛ እጁ ይሸለሽላል፤ የበሬዬን ምትክም ራሱ ፈልጎ ያመጣል።

ሲወጣ ጠጋ ብሎ፣ «አርስልሃለሁ። ምን እንደሚተርፍልህ ግን ታያለህ» አለኝ።

እሁድ፣ ሐምሌ 21

እንቅልፍ የለኝም። ሽልሻሎ በክፉ ሰው እጅ ማሳ ያጠፋል። ማረሻውን ትንሽ ወደ አገዳው ቢያስጠጋው ሥሩን ይቆርጠዋል። ማሽላው የሚጠወልገው ሰውየው ከሄደ በኋላ ነው፤ ምስክር አይገኝለትም። እኔ ልረስ ብል ደግሞ ፍርዱን አፈረስክ እባላለሁ።

ዘነቡ፣ «ሰው ሰው ላይ ይቆጣል እንጂ ማሽላ ላይ እንዴት ይቆጣል?» አለች። በሬ ላይ ተቆጥቶ የለም ወይ አልኳት።

ሰኞ፣ ሐምሌ 22

በጠዋት መጣ። የአማቹን በሬ ከጎብዬ አምጥቶ ከራሱ ጋር ጠምዷል። የሁለቱም አፍ ተሸፍኗል። ሰላም አላለኝም።

ከኋላው እየተከተልኩ ትልሙን አየሁ።

«ምን ትከተለኛለህ? ውርንጭላዬ ነህ?»

«የምከተለው ማሽላዬን ነው።»

«ተከተል። እዚያው ከሥሩ ጋር ልቅበርህ።»

ቀኑን ሙሉ በሬዎቹን ሰደበ፤ እኔን ሰደበ፤ የሞተ አባቴን ሳይቀር ሰደበ። እጁ ግን ሌላ ሰው ነበር። አንድ አገዳ አልጣለም፤ ጎንበስ ብዬ አፈሩን ስምስ የተቆረጠ ሥር አላገኘሁም። እውነቱን ለመጻፍ፣ እኔ እንዲህ አላርስም።

ዘነቡ ምሳ ይዛ መጣች። «ከእናንተ ቤት እህል አልቀምስም» ብሎ ከራሱ ቅል ውኃ ጠጣ። ሲጨርስ ቀንበሩን ፈታና፣ «መቀናጆው ፈርሷል። በሬህን ከጅብ ጋር ጥመደው» ብሎ ሄደ።

ማክሰኞ፣ ጊዮርጊስ

በሬዬ ዛሬ አመሰኳ። ዘነቡ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እልል አለች። ማሽላውም አልጠወለገም፤ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ከሰዓት በኋላ የሚቀናጀኝ ሰው ፍለጋ መንደሩን ዞርኩ። የጤፉ መሬት ገና አልታረሰም፤ ጊዜው እየሄደ ነው። ያልጠየቅሁት የለም፤ ሁሉም ተቀናጅቶ ጨርሷል። ዋጃ ያለው ዘመዴ ሩቅ ነው። የሞላ አማችም በሬውን ትናንት ማታ ወደ ጎብዬ ነድቷል።

ስለዚህ በመንደሩ ጥንድ የሌለው በሬ ያለን ሁለት ሰዎች ብቻ ነን፤ እኔና እሱ። የሱም የጤፍ መሬት እንደኔው ጦሙን ነው። እሱም ይህን ያውቃል።

ደጁ አልሄድም። ነገ በእርግጥ አልሄድም።