ከወለላችን ሥር ያለው ውኃ

ሚያዝያ 20
ዛሬም ጎብኚዎች መጡ። ከከተማችን ከአሕመዳባድ አሮጌ ሰፈሮች ሁሉ የኛን የመሰለ የለም አሉ። ሁለት ጃንጥላ የማያሳልፍ መንገድ ምኑ ያምራል? ወፎች የሚመገቡበትን ማማ ፎቶ አነሡ፣ የተቀረጹትን ምሰሶዎች አነሡ፣ ቀጥሎ ደጃፍ ላይ የተቀመጠውን አያቴን። «እሱ ከቤቱ ጋር አብሮ ነው የተቀረጸው» አልኳቸው። ከዘራውን ሰነዘረብኝ። ደረቱን ግን ነፋ አድርጎ ነበር።

አባዬ የአዲሱን አፓርታማ ነገር ደግሞ አነሣ። ከወንዙ ማዶ፣ ስምንተኛ ፎቅ። ለኔ የራሴ ክፍል፣ ባለ መስኮት... አያቴ ግን ከወለላችን ሥር ባለው ጉድጓድ ከሚጠራቀመው የጣሪያ ዝናብ ሌላ ውኃ ጠጥቶ አያውቅም። አምና ደግሞ የጣሪያው ቧንቧ ተሰብሮ በወጉ አልሞላም። የደጃፉ ሽማግሌዎች ሁሉ እየሰሙ አያቴ እንዲህ አለ፦ «ዝናብ ሳይደርስ ውኃዬ ካለቀ እሄዳለሁ። ካላለቀ እዚሁ እሞታለሁ።»

ሚያዝያ 27
አባዬ ለኪ አደረገኝ። ጫፉ ላይ ድንጋይ የታሰረበት ገመድ ሰጠኝ። ሃያ ጣት ውኃ አለ። በቀን አንድ ጣት ይቀንሳል። እኔ የመስኮቱ ወገን ነኝ።

ግንቦት 16
አሥራ አንድ ጣት። ባለፈው ሳምንትም አሥራ አንድ። ገመዱ አብዷል? አያቴ እንደሆነ ይጠጣል፣ ወፎቹንም ያጠጣል...

ግንቦት 17
ቀትር ላይ ሰው ሁሉ ሲያሸልብ ተደብቄ ጠበቅሁ። በግድግዳው ውስጥ ያለችው ትንሽ በር ተከፈተች። ድሮ በብጥብጥ ጊዜ ከቤት ወደ ቤት መሸሻ ነበረች። ጎረቤታችን እማማ ካንታ ገቡ፣ እንስራ ታቅፈው። በሰማንያ ዓመታቸው! ቀስ ብለው ጉድጓዳችን ውስጥ ደፉት።
«የእርስዎ ጉድጓድስ ስንት ጣት ቀረው?» አልኳቸው።
«ምን አገባሽ፣ አንቺ ነገረኛ።» እንስራውን እስከ ጠብታው አራገፉ። «እሱ ከሄደ ከማን ጋር ልጣላ?»
እውነት ነው። ሁለቱ ለወፎቹ በሚበተነው ጥራጥሬ ሠላሳ ዓመት ተጣልተዋል። አስማሉኝ። እኔን ዝም ማሰኘት ይቻላል ለካ...

ግንቦት 22
አያቴ ምሳ ላይ ውኃውን አፉ ውስጥ ያዘው። ቆየ። ዋጠው። «ይሄ የኛ ጣሪያ ውኃ አይደለም» አለና አየኝ። ዓይኔ ወደ ትንሿ በር ሸሸ።

ጎንበስ ብሎ በትንሿ በር ገባ። ተከተልኩት። የእማማ ካንታን ጉድጓድ ከፍቶ ጠጠር ጣለ። ደረቅ ድምፅ። የከተማውን የቧንቧ ውኃ «ለእግር መታጠቢያም አይሆንም» ሲሉ የኖሩት ሴትዮ፣ ስንት ቀን ጠጡት?
«ለምን፣ ካንታ?»
«የጠማህ መስሎኝ።»

ተመልሶ አባዬን ዕቃ አዘጋጅ አለው። አባዬ ግራ ገባው፤ ገመዱ ገና አሥራ አንድ ይላል።
«እሱ የካንታ ነው። የኔ አልቋል።»
ዝም ቢል ማን ያውቅበት ነበር?

ግንቦት 23
ውኃውን ወደ እማማ ካንታ ጉድጓድ በእንስራ መለስን፣ እሱና እኔ። ቀኑን ሙሉ። አንድም ቀልድ አልመጣልኝም።

ሰኔ 2
ስምንተኛ ፎቅ። መስኮቴ ትልቅ ነው። አያቴ ከመጣን ወዲህ ወደ ታች አልወረደም።

ሰኔ 11
ዘነበ። የመጀመሪያው ዝናብ ጉድጓድ አይገባም፤ ጣሪያው ተፈግፍጎ ይታጠብበትና ይፈሳል። የሚጠራቀመው ሁለተኛው ነው። አያቴ መስኮቱ ጋ ቆሞ፦ «የካንታንም ጣሪያ በየዓመቱ የማጥበው እኔ ነበርኩ።» ለኔ ነው ወይስ ለዝናቡ?

ሰኔ 14
ሁለተኛው ዘነበ። ከትምህርት ቤት ዘግይቼ ገባሁ። አንድ ጠርሙስ ውኃ ፊቱ አስቀመጥኩ። አፉ ውስጥ ያዘው። በጣም ቆየ።
«የካንታ ነው» አለ። ቀጥሎ፦ «ጣሪያዋን ማን አጠበላት?»
የተላጡ እጆቼን ከኋላዬ ደበቅሁ።