ከውጭ ስለተቆለፈብኝ በር

ሚያዝያ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወረዳችን የሰላምና ጸጥታ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ካዛንቺስ

ጉዳዩ፦ ቁልፍ በአደራ የሚይዝና ጩኸት ሰምቶ የሚደርስ የአካባቢ ጥበቃ እንዲመደብልን ስለመጠየቅ

የተከበሩ ኃላፊ፣

እኔ አመልካች ወ/ሮ ዘሃራ ጠልሐ ከኡራኤል ወረድ ብሎ፣ ሰፈሩ ሲፈርስ ከቀሩት ጥቂት ቤቶች በአንዱ ከልጄ ከራቢያ ጋር የምኖር፣ ዕድሜዬ ከሰባ ያለፈ እናት ነኝ።

1. ቀድሞ በሰፈራችን ከቤት የሚወጣ ሰው ቁልፉን ለጎረቤት ሰጥቶ ይሄድ ነበር። የእኛን የሚይዙልን ወ/ሮ ቡዜ ነበሩ። እሳቸው አሁን ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ሄደዋል። ዛሬ ጎረቤቴ የቆርቆሮ አጥር ነው፤ ቆርቆሮ ደግሞ አደራ አይቀበልም።

2. ልጄ ለገሃር ልብስ መደብር ተቀጥራ ትሠራለች። ሌቦች ቆጣሪ አንባቢ ነን እያሉ ቤት እንደሚገቡ ታክሲ ውስጥ ሰማች። እኔ ደግሞ ደጄን ያንኳኳውን ሁሉ ግባ የምል ሰው ነኝ፤ ይህ አመል በዚህ ዕድሜ አይለቅም። ስለዚህ ጠዋት ስትወጣ በሩን ከውጭ ቆልፋብኝ ቁልፉን ይዛ ትሄዳለች። መስኮቱ የብረት ፍርግርግ አለው፤ እሱንም ለደኅንነት ብዬ ያሠራሁት እኔው ነኝ። ተቆጥቻታለሁ፣ ለምኛታለሁም። እያለቀሰች ነው የምትቆልፈው። በልጄ ላይ ክስ የለኝም።

3. ባለፈው ሳምንት በጠራራ ፀሐይ የኤሌክትሪክ ምድጃው ገመድ ተቀጣጥሎ ቤቱ በጭስ ተሞላ። ፍርግርጉን ይዤ ኡኡ አልኩ። በዚህ ሰፈር ኡኡ ተብሎ ሰው ሳይወጣ የቀረበትን ጊዜ አላስታውስም። ከአጥሩ ማዶ ያሉት የግንባታ ጥበቃዎች ቆመው ይሰሙኛል፤ አንዳቸውም አልመጡም። ቆጣሪውን በዳበሳ አጥፍቼ፣ እሳቱን በጋቢ አፍኜ ነው የተረፍኩት።

በማግስቱ ከጥበቃዎቹ አንዱ፣ ኢተፋ የሚባለው፣ በመስኮቱ በኩል መጥቶ ይቅርታ ጠየቀኝ። እንደነገረኝ፣ ሌቦች ሴት እያስጮኹ ጥበቃውን ካራቁ በኋላ የግንባታውን ብረት ጭነው ይሄዳሉ ስለተባለ፣ ጩኸት ሲሰሙ ከቦታቸው እንዳይነቃነቁ ታዘዋል። ለካ እኔ በጭስ ስታፈን እነሱ የሌባ ዘዴ መስዬያቸው ነበር። አልተቀየምኩትም ብል እዋሻለሁ።

4. ልጄ ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ ለጽሕፈት ቤትዎ በቃል ስታመለክት፣ በአካባቢው የተመዘገበ ወንጀል የለም ተብላ ተመልሳለች። እውነት ነው፣ እስከ ዛሬ የሰረቀኝ የለም። ሌባው ሳይመጣ ግን እኔ ታስሬያለሁ። ሌሊት ተኝቼ የምፈራው እሱን አይደለም፤ ነግቶ የቁልፉን ድምፅ መስማት ነው።

ስለሆነም በቀሩት ቤቶች መካከል በስም የምናውቀው፣ ቁልፋችንን የሚረከብ የአካባቢ ጥበቃ እንዲመደብልን፣ የግንባታው ጥበቃዎችም እዚህ ሰው እንደሚኖር ተነግሯቸው ኡኡ ስንል እንዲደርሱልን ትእዛዝ እንዲሰጥልን በትሕትና አመለክታለሁ። ራቢያም ቢሮው ለመደበው ሰው ቁልፉን እሰጣለሁ ብላ ቃል ገብታልኛለች።

ጉዳዩን የሚያጣራ ሠራተኛ የሚልኩ ከሆነ፣ እባክዎ በመስኮቱ በኩል ይጥራኝ። ቀን ከመጣ ግባ ልለው አልችልም። እንግዳ ደጅ ላይ አቁሜ ስለማነጋግር አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ዘሃራ ጠልሐ