«አፉ በይኝ» የምትለዋ የአባባ ድምፅ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካትሁ።

ይድረስ ለወንድሜ ለኢዘዲን አብዱልጀሊል፣ ካለህበት ኢስታንቡል። ለመሆኑ እንደምን ከረምህ? ብርዱ እንዴት ይዞሃል? ባለቤትህ ሱመያስ፣ ትንሿ ኢብቲሳምስ እንዴት ናቸው? መቼም አሁን በእግሯ ድክ ድክ ትላለች። ከክረምት ወዲህ ድምፃችሁን ሳንሰማ፣ የእኛም ሳይደርሳችሁ ይኸው ጥር ገባ። እኔ እህትህ ነሲባ፣ አባባም፣ አክስታችን ሀጂራም በሕይወት አለን፤ አልሃምዱሊላህ። ቤታችን በሩ ተገንጥሏል፣ ግድግዳው ግን ቆሟል።

ወደዚያ የሚመጣው መንገደኛ አማን ይህን ወረቀት የሚሰጥህ ካረዳህ በኋላ ነው። አባባ አደራ ያሉት እንዲህ ነው። ልጄ ብቻውን ተቀምጦ በወረቀት እንዳይረዳ፣ እዚያ ያሉትን የአገር ልጆች ሰብስበህ ከሱብሒ ሰላት በኋላ ቤቱ ሂዱለት አሉት። ስለዚህ አሁን የእማን ነገር አውቀኸዋል። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። አላህ ጀነተል ፊርደውስን ይወፍቃት፣ አንተንም ያጽናህ። ማልቀስ ካማረህ አልቅስ፤ እኔም ስጽፍልህ እያለቀስኩ ነው። ግን እንዴት እንደ ሞተች ብቻ አይደለም የምጽፍልህ። አባባ በገዛ ድምፃቸው አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ሊሏት ፈልገው፣ እኔም ያንተን ፕሮግራም ለማስነሣት የተንከራተትኩትን ልነግርህ ነው። እስከ መጨረሻው አንብበው፤ አንተንም የሚነካ አለበት።

ነሐሴ ላይ መንገዱ ሳይዘጋ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ወደ ደሴ ሲወጣ፣ እማ እኛም እንሂድ ብላ ነበር። የስኳሯ መድኃኒት እየተመናመነ ነው፤ ደሴ ሌላው ቢቀር ፋርማሲ አለ አለች። አባባ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። ቤቴንና በሬዎቼን ጥዬ የትም አልሄድም ለማለት መሬቱን በመዳፋቸው መቱት። ታውቃቸዋለህ፤ ጉሮሯቸው በቀዶ ሕክምና ተሠርቶ ድምፃቸው ከጠፋ ወዲህ ሲቆጡ የሚጮኸው እጃቸው ነው። ብዙም ሳይቆይ ጦርነቱ መርሳ ገባ፣ መንገዱም ተዘጋ። በሬዎቹም ሄዱ። እኛ እማን በአህያ ጭነን ግራና፣ አክስቴ ሀጂራ ዘንድ ተጠጋን።

ጥቅምት ሲጋመስ የእማ መድኃኒት ጨርሶ አለቀ። ግራና የለም፣ ውርጌሳ የለም፣ ወልድያ ደርሶ የመጣ ሰው ደግሞ ፋርማሲዎቹ ባዶ መደርደሪያ ናቸው አለን። ዓይኔ እያየ ሰውነቷ አለቀ። መጀመሪያ እግሯ ደነዘዘ፣ ቀጥሎ ዓይኗ ደከመ። ጭጋግ ነው እያለች ትሸነግለን ነበር፤ ኋላ ግን የአባባን ፊት ከግድግዳው መለየት አቃታት።

እንግዲህ አስበው ወንድሜ። አንዱ መናገር አይችል፣ አንዷ ማየት አትችል። ሁለት ዓመት ሙሉ ከንፈራቸውን እያየች ከማንኛችንም ቀድማ የምትረዳቸው እሷ ነበረች። አሁን አልጋዋ ጫፍ ተቀምጠው እጇን ይዘው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ እሷ ደግሞ ነሲባ፣ አባትሽ ምን እያሉ ነው ትለኛለች። እኔ ምን እንደሚሉ አይቻለሁ፤ አፉ በይኝ ነው የሚሉት። ስለዚያ ስለ ደሴው ነገር ነው። እኔ ልንገርልዎት ስላቸው እጃቸውን አፌ ላይ ጫኑብኝ። አፉታ በተላላኪ አይሆንም ነው ነገሩ። ሰው ሊለያይ ሲል የበደለው በገዛ አንደበቱ ይጠይቃል፣ የተበደለውም በጆሮው ሰምቶ አፉ ይላል፤ እኛ ያደግነው እንዲህ ነው።

ያኔ ነው ያንተ ፕሮግራም፣ ቁልፍ ሲጫኑ በቀዳኸው በራሳቸው ድምፅ የሚናገርላቸው፣ ትዝ ያለኝ። ወደ ሕክምና ከመሄዳቸው በፊት ድምፃቸውን የቀዳህላቸው ጊዜ፣ ከቢላዋ በሕይወት አልመለስ ይሆናል ብለው ሁላችንንም በየስማችን አፉ በሉኝ ብለው ነበር። ያ ቅጂ ካለ ለእማ ያሏትም አለች ማለት ነው። እሳቸው የሚናገሩበትን ላፕቶፕ ግን ቤታችን የገቡት ታጣቂዎች ወስደውታል። የቀረው ፕሮግራሙን የሠራህበት አሮጌው ኮምፒውተርህ ነው፤ እሱን አባባ በላስቲክ ጠቅልለው ጓሮ ያለው የእህል ጉድጓድ ውስጥ ቀብረውት ነበር። ይህን ነግሬ ሄጄ ላምጣው ስላቸው እምቢ ብለው ራሳቸው መርሳ ሄዱ። ኬላ ላይ ሲጠይቋቸው መልስ መስጠት ስለማይችሉ፣ ጋቢያቸውን ገልጠው አንገታቸው ላይ ያለውን ቀዳዳ እያሳዩ አለፉ። በማሽላ ጆንያ ሸሽገው ይዘውት ሲመጡ እግራቸው ሥር ወድቄ ነው የተቀበልኳቸው።

እማ ኮምፒውተሩን ምን ትለው እንደ ነበር አትረሳም፤ ጣውንቴ። ከጆንያው ሲያወጡት ላስቲኩ ሲንኮሻኮሽ ሰምታ፣ ጣውንቴ ተቀብራም አልሞተች፣ እኔ ሳልቀበር ልሞት ነው አለችና ሣቀች። እኔ ግን ሣቅ አልመጣልኝም።

ግራና ገበያ ጥግ ሙላት የሚባል ሬዲዮ ጠጋኝ አለ፤ ሶላሩን አበደረን። ፀሐይ ከዋለች በቀን አንድ ሰዓት ያህል የሚያሠራ ባትሪ እናገኛለን። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ውስጡ ያለችው ትንሿ ባትሪ ሞታ ኖሮ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው ብሎ ጠየቀ። አጠገቡ የነበሩት አባባ ናቸው፤ መነጽራቸውን አድርገው፣ አንድ በአንድ እየነኩ ሞሉት። እኔ ያኔ የእማን እግር እያጠብኩ ነበር፤ ከዚያ ወዲያም በተነሣ ቁጥር ቀን የሚሞሉለት እሳቸው ሆኑ።

ፕሮግራምህን ስከፍተው አልነሣ አለ። ድምፅ የሚያጫውተው ላይብረሪ የለም ይላል። ስትሄድ ቦታ ለማስለቀቅ ያጠፋኸው አንተ ሳትሆን አትቀርም፤ ብቻ ይሁን። አክስቴ ሀጂራ ምን ጎደለው ስትለኝ እንዲህ ብዬ አስረዳኋት። ኢዘዲን ሁሉንም ራሱ አልሠራም፤ ድምፅ ማጫወቻውን ሌላ ሰው የሠራውን ተውሶ ነው፤ የተዋሰው ዕቃ ነው የጠፋው። እንግዲያው ሄደሽ ከባለቤቱ ተዋሺያ አለችኝ። ባለቤቱ ያለው ኢንተርኔት ላይ ነው፣ እሱ ደግሞ ከተቋረጠ ስንት ጊዜው አልኳት። በደጉ ጊዜ ሻይ እስኪፈላ የማወርደው ነገር ነው።

ሙላት ዘፈን የሚጭንባቸው ፕሮግራሞች ያሉበት ፍላሽ ነበረው። ከዚያ ውስጥ ስሙ አንድ የሆነ ላይብረሪ አገኘሁና ደስ ብሎኝ ቀዳሁት። የእሱ ባለ ሠላሳ ሁለት ቢት፣ ያንተ ፕሮግራም ባለ ስልሳ አራት። ስሙ አንድ፣ ልኩ ሌላ፤ የሰው ጫማ ማለት ነው። ፕሮግራሙ ጭራሽ ባሰበት።

በመጨረሻ ላይብረሪውን ራሱን ልተወው ብዬ ቆረጥኩ። ኮምፒውተሩ ያለ ማንም እርዳታ ድምፅ የሚያጫውትበት ተራ መንገድ አለው፤ ኮድህን ከፍቼ ላይብረሪውን የጠራህበትን ቦታ ሁሉ በዚያ ልተካ። አትቀየመኝና ወንድሜ፣ ኮድ ስትጽፍ ለሌላ ሰው የምትሆን አንዲት የማብራሪያ መስመር እንኳ አትተውም። ሞቼም ቢሆን የምወቅስህ በዚህ ነው። እንደ ምንም ብዬ ተካሁና ከታረመው ኮድ አዲስ ፕሮግራም እንዲሠራልኝ ቢልድ አልኩት። ሁሉም የተሟላ ነው፣ የሚሠራ አዲስ ነገር የለም አለኝ። ስከፍተው ያው የድሮው ስሞታ፣ ላይብረሪው የለም። የጎደለ ነገር ይኖራል ብዬ እንደገና አየሁት፣ አስተካከልኩት፤ መልሱ ያው ነው። ባትሪው ያልቃል፣ ነገ ፀሐይ እጠብቃለሁ። የእማ ትንፋሽ ደግሞ እያጠረ ሄደ። አባባ በየቀኑ ከሶላሩ ሥር ቁጭ ብለው ፊቴን ያያሉ። ድሮ የተሠራውን አጥፍቼ ከባዶ ልሥራው እንዳልል፣ አንድ ነገር ቢጎድል ከየትም የማመጣው የለኝም፤ ፈራሁ።

አንድ ቀን ግን ተናደድኩና ኮዱ መሃል በአማርኛ «አላህ ያሳይህ» ብዬ ጻፍኩበት። ኮዱን የሚተረጉመው ኮምፓይለር እንዲህ ያለ ነገር ሲያገኝ መጮህ አለበት። እሱ ግን አሁንም ሁሉም የተሟላ ነው ይለኛል። ያኔ ነቃሁ። ለካ የጻፍኩትን ጭራሽ አያነበውም!

ፋይሎቹን ከነቀናቸው ዘረዘርኳቸው። አንተ የሠራኸው በፈረንጅ 2019 ይላል። እኔ አሁን የጻፍኩት ደግሞ 2014። በፈረንጅ 2014 እኮ እኔ ገና ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። አባባ ቀን ሲጠየቁ ያገራችንን ቀን ሞልተው ኖሯል፤ ሦስተኛ ወር፣ 2014። ምን ያድርጉ፣ ኅዳር 2014 ነበራ! እኔም ጥጉ ላይ ያለውን ቁጥር በየቀኑ እያየሁት ምንም አልቆረቆረኝም። ቢልድ ማድረጊያው እንደሆነ የሚያየው ቀኑን ነው፤ የእኔ እርማት ካንተ ሥራ በፊት የተጻፈ መሰለውና ንቆ ተወው።

ለአባባ ስነግራቸው ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፣ ያለ ድምፅ ሣቁ። ወዲያው ግን ፊታቸው ጠቆረ፤ ከንፈራቸው «ደግሞም እኔ» አለ። ደሴ አልሄድም ብዬ፣ አሁንም ቀን አሳስቼ ማለታቸው ነው። እኔም፣ አባባ እርስዎ የሞሉት ትክክለኛውን ቀን ነው አልኳቸው።

የፈረንጁን ዓመት ሞልቼ፣ የጻፍኩትን እንደገና አስቀምጬ ቢልድ ስለው ኮምፓይለሩ ጮኸ። ይህ «አላህ ያሳይህ» ምንድን ነው አለኝ። በስሕተት መልእክት አልሃምዱሊላህ ብሎ የሰገደ ሰው ካለ እኔ ነኝ። መስመሯን አጠፋኋት፣ ቢልድ አልኩት፣ የአባባ ቁልፎች በኮምፒውተሩ መስኮት ላይ ተደረደሩ።

ዐስር ከሰገድን በኋላ ነው። እማ ደክማለች፣ ጆሮዋ ግን ደህና ነበር። አክስቴ ሀጂራ ትራሷን ከፍ አደረገችላት። አባባ ቁልፏን ራሳቸው ተጫኗት። ያ ወፍራሙ ድምፃቸው፣ አዛን ሲሉ ከመንገድ ማዶ ይሰማ የነበረው፣ «አሚና፣ አፉ በይኝ» አለ። እማ አንገቷን ወደ ድምፁ አዞረች። ልትመልስ ከንፈሯን ስታላቅቅ፣ ቅጂው አላለቀም ኖሮ፣ አንድ ሰው ጉሮሮውን ሲጠርግ ተሰማ። ከዚያ ያንተ ድምፅ መጣ። «እማዬ፣ እኔንም አፉ በይኝ» ትላለህ።

እኔ ደነገጥኩ። ያንን አንድም ቀን ሰምተነው አናውቅም። ለካ የየቅጂውን ጫፍ ቆርጦ የሚያጫውተው ያ የጠፋው ላይብረሪ ነበር፤ እኔ የተካሁት ተራ መንገድ መቁረጥ አያውቅም፣ ያለውን ሁሉ እስከ መጨረሻው ያጫውታል። አባባን ስትቀዳ ሆድህ ብሶህ ያልከው ይሆናል፤ ምናልባት አንተም ረስተኸዋል።

እማ፣ ኢዘዲን መጣ እንዴ አለች። በድምፁ ነው የመጣው እማ አልኳት። እሷም እንዲህ አለች፤ «ሁለታችሁንም አፉ ብያለሁ። የኢዘዲን አባት፣ ደሴም ብንሄድ አጀሌ፣ የተቆረጠልኝ ቀን፣ ይከተለኝ ነበር፤ አንቱም አፉ በሉኝ። ልጄን ደግሞ፣ ድምፅህን ሰምታ አፉ ብላሃለች በሉት። እናቴ ሳላያት ሞተች ብሎ አይቃጠል።» አባባ መዳፏን አንሥተው ከንፈራቸው ላይ አደረጉት፣ አፉ ብያለሁ ማለታቸውን በእጇ እንድታውቅ። አወቀችውም፤ ፈገግ አለች።

በማግስቱ ሸሃዳዋን ብላ ሄደች። ጀናዛዋን ግራና ቀበርን፤ ሰው ጥቂት ነበር፣ መንገዱ እንደምታውቀው ነው። ቀኑ ሲያልፍ ወደ መርሳ ተመለስን። መብራት ይመጣል ይጠፋል፣ ስልኩ ገና ነው።

ወንድሜ፣ አፉ ሳንባባል ቀረን የሚለው እሳት እንደሚበላህ አውቃለሁ። ከእንግዲህ አይብላህ። ተባብላችኋል፤ በሁለት ጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ምስክር ነኝ።

አክስቴ ሀጂራ አላህ ያጽናህ፣ ከነቤተሰብህ ጠብቆ ለአገርህ ያብቃህ ብላለች። ሙላት ባያውቅህም እግዜር ያጽናው በይልኝ ብሎኛል። ሱመያን እቀፍልኝ፤ ኢብቲሳምን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ፣ አያትሽ ስምሽን ስትጠራ ነበር በላት። አባባ ሰላም ብለውሃል፤ ዱዓቸው ካንተ ጋር ነው። ኢንተርኔት ሲመለስ ያንን ላይብረሪ ላክልኝ፣ የሌሎቹ ቅጂዎች ጫፍ እየተንጫጫ አስቸግሯቸዋል። ያቺን የእማን ቅጂ ግን እንዳትቆርጣት ብለዋል። ዙህር ሰግደው ሲመለሱ ይከፍቷትና፣ አንተ ተናግረህ እስክትጨርስ ቁጭ ብለው ይሰሙሃል።

እህትህ ነሲባ አብዱልጀሊል

መርሳ፣ ጥር 9 ቀን 2014 ዓ.ም.