ለሐኪሙ አማቼ ሽጉጥ ስመርጥ

ለታላቅ እህቴ ለእትዬ አሰገደች፣

ከአፍሪካ ጅራት ላይ ተቀምጬ ጉልበትሽን ስሜ ሰላም እልሻለሁ። እንዴት ነሽ? እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽ ደረጃ ያስወጣሻል ወይስ አሁንም ቅዳሴውን ከደጀ ሰላም ሆነሽ ነው የምትሰሚው? ዓይንሽስ? ጋሼ ታፈሰ እንዴት ናቸው? ያ ሳላቸው ለቀቃቸው? በዚህ ዘመን ሳል ሲባል ልቤ ድንግጥ ስለሚል ነው የምጠይቀው። ነሐሴው እንዴት ይዟችኋል? ማሽላው ቆመ? ጀማ ሞልቶ መንገድ ቆርጦ ይሆን?

እኔ መድኃኔ ዓለም ይመስገን ደህና ነኝ። በሽታው እዚህ ቤሪያ ፎቅ ለፎቅ እየዞረ ሲያንኳኳ የኔን በር ዘሎታል። ልጄ ቤዛም ደህና ናት፤ አፏ ብቻ እንደ እናቷ ሆኗል። የማወራሽን በስልክ ያላወራሁሽ፣ ስልኩን የምትደውልልኝ እሷው ስለሆነች ነው። አጠገቤ ቆማ ስለሷ ማውራት አይሆንልኝም። ጎረቤታችን ዘርትሁን አውሮፕላን ተከፍቶላት ወደ አገር ስለምትገባ ይህን በእጇ ሰድጃለሁ። ፊደሌ የመሠረተ ትምህርት ነውና ጋሼ ታፈሰ ቀስ ብለው ያንብቡልሽ። ደግሞ እንዳይዘሉ፤ የሳቸውም ነገር አለበት።

ቤዛን የጠየቃት ልጅ ኤሊያስ ይባላል። የይገረም ልጅ ነው። ይገረም እኔ በመጣሁበት ዘመን የመጣ ጨዋ ሰው ነው። ልጁ እዚሁ ተወልዶ፣ እዚሁ ተምሮ፣ እዚሁ ሐኪም ሆነ። አማርኛው እንደ ተሰበረ እንስራ ነው፤ ስባሪው ሁሉ አለ፣ ውኃ ግን አይዝም። እርስዎ ማለት ስለማይችል እኔን አንተ ነው የሚለኝ። በመጀመሪያ ቀን ላስወጣው ነበር፤ ኋላ ለመድሁት። ልጁን ወደድኩት እትዬ፣ ልደብቅሽ አልችልም።

እንግዲህ የቤታችንን ወግ ታውቂዋለሽ። አንቺን ሲድር አባታችን ለጋሼ ታፈሰ ምንሽር ሰጥቷል። የአክስቶቻችንንም ባሎች አያታችን መሣሪያ ሳያስይዝ አልሸኛቸውም። እኔ ደግሞ ያለችኝ አንድ ልጅ ናት፤ እናቷ የዓለምወርቅም ካረፈች ወዲህ አባትም እናትም እኔ ነኝ። እናት የሌለበት ሰርግ ጎደሎ ነው፤ በዚያ ላይ ደግሞ መሣሪያ የሌለበት ላደርገው አልፈለግሁም። ምንሽር እዚህ ማን ያውቀዋል? ሽጉጥ ልስጠው አልኩ። ሽጉጥ ካልን ደግሞ ኮልት ነው፤ ወታደር ሳለሁ የሻለቃዬን ኮልት የምወለውለው እኔ ነበርኩ።

ጀርሚስተን ከተማ፣ ከብርድ ልብስ ሱቄ ራቅ ብሎ አንድ ነጭ ሽማግሌ የመሣሪያ ሱቅ አለው። እሱ ማዳላ ይለኛል፣ በዙሉ ሽማግሌ ማለት ነው። እኔም በነሱ ቋንቋ ኡም እለዋለሁ፣ አጎቴ እንደ ማለት። ሁለታችንም በጭንብል ታፍነን በዓይናችን ነው የምንከራከረው። ኮልት አምጣልኝ አልኩት። የማንን ሥራ አለኝ። ኮልት የኮልት ነዋ ብዬ ሳቅሁበት። እሱም ሳቀብኝ። ለካ ንድፉ ከመቶ ዓመት በላይ ስለሆነው የፈለገ ሁሉ ይሠራዋል፤ አሜሪካው ይሠራዋል፣ ፊሊፒኑ ይሠራዋል፣ ቱርኩ ይሠራዋል። መልኩ አንድ፣ ሚዛኑ አንድ፣ ጥይቱም ያው አርባ አምስት የሚሉት አንድ፤ አባቱ ብቻ ሌላ። በኛ አገር ግን ሁሉንም ኮልት ብለን ጨርሰነዋል።

ሦስቱን ጨርቅ ላይ ደረደረልኝ። አሜሪካው አሮጌ ነው፣ አፈሙዙ ጋ ቀለሙ ለቋል፤ ነገር ግን ያ የማውቀው የኮልት ምልክት፣ ፈረሱ፣ ሁለት እግሩን አንስቶ ጎኑ ላይ ተቀርጿል። ቱርኩ አዲስ ነው፣ እንደ ሙሽራ ያብረቀርቃል፣ ሲያቀባብሉት እንደ ቅቤ ይንሸራተታል። ፊሊፒኑ መልክ የለውም፤ እንደ ማረሻ ጥቁርና ደረቅ ነው፤ እጅ ላይ ሲቀመጥ ግን ጭጭ ይላል። ዓይኔ ፈረሱ ላይ ቀረ። እጄ ፊሊፒኑን ወደደው። እንዲህ ሆኜ ሳልወስን ወደ ሱቄ ተመለስኩ።

የሱቅ ጎረቤቶቼ ለገሠና ከሊል ይህን ሲሰሙ ሥራ ፈቱ። ለገሠ የአየር ኃይል ሰው ነበር፣ ከአሜሪካ በቀር የሰው እጅ ሥራ አያውቅም። ፈረስ የሌለው ኮልት መስቀል የሌለው ቤተ ክርስቲያን ነው አለ። ከሊል ደግሞ ቱርኩን ውሰድ፣ ቱርኮች ሥራ ያውቃሉ ብሎ ቀረበ። ለገሠ ወዲያው፣ ይህን ያመጣኸው ሚስትህ ከምታየው ፊልም ነው አለው። ከሊልም፣ አዎ፣ በፊልሙ ሽጉጡ አንድም ቀን ጥይት ነክሶ እምቢ ብሎ አያውቅም፣ ያንተ አውሮፕላን ስንቴ ነው የነከሰው አለው። ደንበኛ ብርድ ልብስ ይዞ ቆሞ እኛ ስለ ሽጉጥ እንጨቃጨቃለን። በየቀኑ አንድ ጊዜ እሄድና አያለሁ፣ ኡምም ሳይሰለች ያወጣልኛል።

እዚህ አገር ግን መሣሪያ እንደ ዶሮ ገዝተው ለሰው አያስይዙትም። የሚይዘው ሰው ራሱ መማር፣ ራሱ መፈተን፣ ራሱ ፖሊስ ዘንድ መቅረብ አለበት። ስለዚህ ኤሊያስን ይዤው ሄድኩ። ጫማ እንኳ ሳይለካ አይገዛም ብዬ እጁን ላስለካው ነበር። ከአዳር ሥራ ወጥቶ መጣ፤ ዓይኑ ቀልቷል፣ እጁ በሳኒታይዘር ተሰነጣጥቆ የአጫጅ እጅ መስሏል። ኡም እያሳየው ሦስቱንም አንድ በአንድ ያዛቸው። አፈሙዙን ወደ ሰው አላዞረም፣ ጣቱን ቃታው ላይ አላኖረም። አያያዙ ደስ አለኝ። ፊሊፒኑን ሲይዝማ እጀታው መዳፉ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። ይኸው አልኩ፣ ለገሠ ፈረሱን ይጋልብ፣ የልጄ ባል ሽጉጥ ይኸ ነው።

እሱ ግን ሽጉጡን ቀስ አድርጎ ጨርቁ ላይ አስቀመጠና እንዲህ አለኝ፤ አባባ፣ መረጥክልኝ፣ በጣም አመሰግናለሁ። ግን እኔ ቤት አይገባም። ለምን አልኩት። አርባ አምስት አውቃለሁ አለኝ። ከሰው ውስጥ አወጣለሁ። ቤት ውስጥ ማየት አልፈልግም።

እትዬ፣ ደሜ ፈላ። ኡም ፊት፣ ነጭ ፊት፣ ስጦታዬን ጨርቅ ላይ አስቀመጠው። የአባቴ አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋኝ፣ መሣሪያ ላልያዘ ሰው ልጄን አልድርም ብዬ ማልኩ። ኤሊያስ ሁሉም ባይገባው አጥንት የሚለው ገባው። አንገቱን ደፋ፣ ደህና ዋል ብሎኝ ወጣ።

ቤት ስገባ ቤዛ ሰምታ ጠበቀችኝ። አባዬ፣ የምትድረው እኔን ነው ወይስ ሽጉጡን አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ሳህኔን አስቀምጣልኝ ወደ ክፍሏ ትገባለች። አንድ ቤት ውስጥ ለየብቻ እየበላን ሰኔ አለቀ። በሐምሌ ደግሞ ከተማው ሲዘረፍ ሰምታችሁ ይሆናል። እኔ፣ ለገሠና ከሊል ሱቆቻችን ደጃፍ በዱላ ቆመን ዋልን፤ እግዚአብሔር አተረፈን። ያን ዕለት ገብቼ፣ አየሽ፣ መሣሪያ ለምን እንደሚያስፈልግ አየሽ አልኳት። እሷም፣ ኤሊያስ ሦስት ቀን ከሆስፒታል አልወጣም፣ የተኮሰውም የተተኮሰበትም ጎን ለጎን ተኝተው እሱ ነው የሚሰፋቸው አለችኝ። ቢሆንም ቃሌን አላጠፍኩም፤ የወንድምሽን የክፍሉን ግንባር ታውቂዋለሽ።

የፍልሰታ ፍቺ ዕለት እሑድ ይገረም ሽማግሌ ይዞ መጣ። በዚህ በሽታ ምክንያት ብዙ ሰው አልተጠራም፤ ይገረምና ሚስቱ አምሳለ፣ ለገሠ፣ ከሊል፣ ኤሊያስ። መስኮቱን ከፍተን፣ ብርዱ እየገባብን፣ ተራርቀን ተቀመጥን። ለመኑኝ። ድንጋይ ተሸክመው ለመኑኝ። እኔ የማለ አፍ አይታጠፍም ብዬ ጸናሁ። ከሊል እንኳ፣ የኛ ሰው ሲምል ድሃ አብልቶ ይፈታል፣ ያንተ አባት ከድሃ ይከብዳል ወይ አለኝ። እሱንም እምቢ አልኩት። ቤዛ ከወጥ ቤት በር ላይ ቆማ ታየኛለች። ይገረም ባርኔጣውን አነሳ፤ ሊሄዱ ነው።

ይኼኔ ኤሊያስ ተነሳ። ጥግ የቆመውን ከዘራዬን ሳያስፈቅድ አነሳው። ከዚያ መሐል ወለል ላይ ቆሞ ዘራፍ አለ። አባባሉ የታመመ ሰው እንዳይቀሰቅስ በሹክሹክታ እንደሚናገር ነበር። ለገሠ ሳቁ አመለጠው። ልጁ ግን እንደገና ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ከዘራውን ነቅንቆ እንዲህ አለ፤

ዘራፍ የይገረም ልጅ፣ ነጭ ለባሹ ዘበኛ፤
ሞት ሊሰርቅ ሲመጣ፣ ከራስጌ የማይተኛ።
ጥይት ነቃይ ከሥጋ፣ ትንፋሽ መላሽ ለነፍስ፤
ገዳይ ፎክሮ ሲያበቃ፣ እኔው ዘንድ ነው የሚደርስ።

እናቱና ቤዛ ናቸው አሉ ያስጠኑት፣ በስልክ፣ በሥራው መሐል። ቃሉን እየገለበጠ፣ ነቃይን አጥብቆ፣ መላሽን አላልቶ፣ እንደ ምንም ተወጣው። ለገሠ ሳቁን ትቶ ሳያስበው በለው አለ። ይገረም በጭንብሉ ዓይኑን ጠረገ። የኔ እግር ሳያማክረኝ ተነስቶ ቆሟል። የፎከረ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም፤ ይህንንም ሳይነግሩት አልቀሩም፣ ከዘራዬን ይዞ ፊቴ ቆሞ ጠበቀ። ሁሉም እኔን ያያሉ። በእጄ ምንም የለም። ጥቅምት አሥራ አራት ይሁን አልኩ፤ ቀኑን ቆርጬ ሰጠሁት። ከወጥ ቤት በር እልልታው ሲፈነዳ ቤዛ እንዲህ ያለ ጉሮሮ እንዳላት ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

በማግስቱ ኡም ዘንድ ሄጄ ያስቀመጥክልኝን ሽጉጥ ወደ መደርደሪያው መልሰው አልኩት። ለምን ሲለኝ ፉከራውን በማውቃት እንግሊዝኛ ተረጎምኩለት። እሱም፣ ማዳላ፣ የዚህን ዶክተር አድራሻ ስጠኝ፣ ከደንበኞቼ አንዳንዱ ያስፈልገዋል አለኝ። ሰርጉ ላይ ጠርቼዋለሁ። የመረጥሁት ግን ፊሊፒኑን ነው፣ ልክም ነበርኩ፤ ለገሠ ፈረሱ ፈረሱ ሲል ይኑር።

አሁን የጻፍኩበት ጉዳይ ይኸው። ቀን ቆርጫለሁ፣ መሐላዬም አንገቴ ላይ ነው። የንስሐ አባቴን ብጠይቃቸው፣ ለእግዚአብሔር የሚሆነውን ቀኖና እኔ እሰጥሃለሁ፣ የአባትህን ግን ከቤትህ ጠይቅ አሉኝ። አባታችን በሌለበት የቤቱ በኩር አንቺ ነሽ። እባክሽ ጉልበትሽ በሚሻልሽ ቀን መቃብሩ ድረስ ሂጂና ንገሪልኝ። ሐኪም ብለሽ አትንገሪው፣ ኪኒን አዳይ ይመስለዋል። ጥይት ነቃይ በይው፤ ጥይት ምን እንደሆነ ያውቃል። አማችህ ባዶ እጁን አይደለም የገባው በይው። ከዚያ ልቤን አሳርፌ እንድድር፣ ፈትቼሃለሁ የምትል ቃል ላኪልኝ። በስልክ ቢሆንም ግድ የለም፣ ቤዛም ትስማ። አይሆንም ካልሽም ቁጣሽን እቀበላለሁ፣ ቅጣቱም በእኔ ይሁን፤ ጥቅምት አሥራ አራት ግን አይነሳም። ሽማግሌ ፊት የተሰጠ ቀን ነው፣ ልጄም እልል ብላበታለች።

ለጋሼ ታፈሰ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ ነስቻለሁ፤ ስላነበቡልሽ እግዚአብሔር ይስጥልን። ምርቃታቸውን በቃላቸው ቀርጸው ይላኩልኝ፣ በሰርጉ ላይ በስልክ እናሰማዋለን። ለልጅሽ ለአልአዛርና ለሚስቱ፣ ለልጆቻቸውም ሁሉ በየስማቸው ሰላም በይልኝ፤ አልአዛር ጭንብሉን አገጩ ላይ ሳይሆን አፉ ላይ ያድርግ። ለጎረቤቶቻችንና ስሜን ለጠየቀ ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስ። ቤዛ እግርሽን ትስማለች፤ ጥልፍ ቀሚስ በዘርትሁን መልስ እንድትልኪላት አደራ ብላለች። ለገሠና ከሊል ሳያውቁሽ እጅ ይነሱሻል።

ኤሊያስም እዚሁ ነው። ዛሬ ጧት ከአዳር ሥራ ወጥቶ እንዴት አደርክ ሊለኝ ገባ፤ ተቀመጥ አልኩት፣ ተቀመጠ፣ ጫማውን ሳያወልቅ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ብርድ ልብስ ጣል አድርጌለታለሁ። ሰላምታውን ልጠይቀው ብዬ ነበር፤ አልቀሰቅሰውም። ሲነቃ፣ ለአክስትህ ሰላምታ ልኬልሃለሁ እለዋለሁ።

ወንድምሽ ክፍሉ
ጆሃንስበርግ፣ ቤሪያ
ነሐሴ 22 ቀን 2013 ዓ.ም.