ልጄ ከማን ጋር ነው የሄደችው?

ኬኒንግተን፣ ለንደን
ጥር 19 ቀን

ለባለቤቴ ታላቅ እህት፣

እትዬ፣ እንደምን ከረሙ? እህትዎ እንዲህ ብላ ነበር የምታነሳዎ፤ እኔም ሌላ አጠራር ስላጣሁ ይፍቀዱልኝ። ልጆችዎ፣ የልጅ ልጆችዎ ደህና ናቸው ወይ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ክረምት በመጣ ቁጥር ያስቸግርዎ የነበረው አሁን መለስ አለልዎ? እኔ የክብሩ ባለቤት ይመስገን፣ ወገቤን ያዝ ከማድረጉ በቀር ቆሜ እሄዳለሁ።

ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ አንዲት መስመር ያልጻፍኩልዎ ሰው ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ለሰላምታ ብቻ አይደለም። አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው፤ በሚያምኑት አምላክ ይዤዎታለሁ፣ እውነቱን ይመልሱልኝ። ሶፊያን የላኩብኝ እርስዎ ነዎት?

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። እህትዎ ካረፈች አራት ዓመት ሆናት። ከሌላ ሰው ሰምተው ይሆናል፤ መርዶውን ማርዳት የኔ ድርሻ ነበር፣ አላደረግሁትም። አንዲት ልጅ ትታልኛለች፤ ሄራን ትባላለች፤ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ባለፈው ኅዳር ከሥራ መጣችና «አባዬ፣ የሁለት ወር ሊቭ ወስጃለሁ፤ ከጓደኛዬ ጋር ባክፓኪንግ ልሄድ ነው» አለችኝ። እሱ ደግሞ ምንድነው ብላት፣ ሻንጣ በጀርባ አዝሎ ከደሴት ደሴት መዞር ነው አለችኝ፤ ታይላንድ፣ ከዚያ ማሌዥያ። «እኔና እናትሽ በጀርባችን አዝለን ሱዳን ስንገባ ማንም ሆሊደይ አላለውም» አልኳት። «እናንተ ቢች አልነበራችሁማ!» ብላ ሳቀችብኝ።

ጓደኛዬ የምትላት ይህችው ሶፊያ ናት። እንዳልሰጋ ብላ ከመሄዳቸው በፊት ቤት ይዛት መጣች። እስላም መሆኗን ስለነገረችኝ ለሁላችንም ይሆናል ብዬ ዓሣ ሠራሁ። ልጅቷ በርሚንግሃም ተወልዳ ያደገች ናት፤ አማርኛዋ ግን ከሄራን ይሻላል። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ያኔ ነው። «ማን አስተማረሽ?» አልኳት። «አያቴ፣ በስልክ» አለችኝ። «የየት አገር ሰው ናቸው?» ብላት «የወሎ» አለች። ወሎ ሰፊ ነው ብዬ ተውኩት። እጄን ልታጠብ ብላ ተነሳችና ቆየች። ወጣ ብዬ ባይ ኮሪደሩ ላይ የተሰቀለውን የባለቤቴን ፎቶ በስልኳ ታነሳለች። ስታየኝ ደነገጠች። «ጋሼ፣ በጣም ቆንጆ ነበሩ» አለችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። የማታውቃት ሴት ናት። ምን ያስለቅሳታል? አይቻት የማላውቀውን ልጅ እንደ ሌባ ስከታተል አመሸሁ።

ከገና በፊት ሄዱ። ሄራን በየቀኑ ፎቶ ትልካለች። እኔ የትምህርት ቤት ኬርቴከር ነኝ፤ በር እከፍታለሁ፣ የተበላሸ እጠግናለሁ፤ ማሞቂያውን ቦይለር ቼክ አድርጌ ስጨርስ መሣሪያ ክፍሉ ውስጥ ቁጭ እልና ፎቶውን በጣቴ እያሰፋሁ አያለሁ። ሌላው ሰው ቢሆን ባሕሩን ያይ ነበር፤ እኔ የማየው ሶፊያን ነው። ከማን ጋር ነው የምታወራው? ያ ስልክ ለምን ከእጇ አይጠፋም?

ኮ ላንታ ከምትባል ደሴት የመጣው ፎቶ ላይ ልጄ ዶሮ ስትበላ አየሁ። ከጀርባዋ ባለው ሰሌዳ ላይ በዓረብኛ «ሐላል» ተጽፏል። ክው አልኩ። እትዬ፣ ይህን ለእርስዎ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። በኛ አገር የሌላውን እምነት ሥጋ የበላ፣ ሃይማኖቱን ለወጠ ነው የሚባለው። ደወልኩላት። «ምንድነው የበላሽው?» «ቺክን።» «ማን ያረደው?» «አባዬ፣ ሼፉን ልጥራልህ?» ስትለኝ ሶፊያ ከወዲያ ስትስቅ ይሰማኛል።

እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ጓደኛዬን ዓለምሰገድን አማከርኩት። ልጄን ሊያስለውጧት ነው አልኩት። ከት ብሎ ሳቀ። «አንተ ሰውዬ፣ ልጅህ ብሪክስተን ከትምህርት ቤት ስትወጣ የምትበላበት የዶሮ ቤት ሁሉ ሐላል ነው እኮ! ልጅህ ከሰለመችም በአሥራ ሁለት ዓመቷ ነው የሰለመችው» አለኝ። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ እንዲህ አይቀለድም ብዬ ተቆጣሁት። ግን ልክ ነው፤ እየገዛሁ ያበላኋት እኔው ነኝ። ጥርጣሬዬ ግን ቦታ ቀየረ እንጂ አልለቀቀኝም።

ባለፈው ሐሙስ ኮ ሊፔ ከምትባል ከሌላዋ ደሴት ፎቶ መጣ። እዚያ ባሕር ዳር አንድ ዛፍ አለ፤ የመጣ መንገደኛ ሁሉ ውሃ የተፋው ቁራጭ እንጨት ላይ ስሙን ይጽፍና ይሰቅልበታል። አንዱ እንጨት ላይ በሄራን እጅ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን እየወሰድኩ ባስተማርኳት በዚያ ጠማማ ፊደል፣ ሦስት ስም ተጽፏል። ሄራን። ሶፊያ። ዘይነባ።

ያየሁት ገና የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሜ ነው። ቁልፉን በእጄ ይዤ ቁልፍ ስፈልግ፣ ያን ቀን በሩ ዘግይቶ ተከፈተ።

ልጄ እናቷን የምታውቃት ሐረገወይን ብላ ነው። መቃብሯም ላይ ያለው እሱ ነው። ካርቱም ላይ ከተጠመቀች ወዲህ ዘይነባ የሚለውን ስም በቤታችን ያነሳው የለም። ለሄራን «እናትሽ ወላጆቿ በልጅነቷ ሞተውባት በሰው እጅ ያደገች ናት፤ ዘመድ የላትም» ብዬ ነው የነገርኳት። እናቷ አጠገባችን ሆና ስትሰማ ዝም አለች። ዝምታዋን እንደ መስማማት ቆጠርኩት። ታዲያ ስሙን ለልጄ ማን ነገራት? የሶፊያ አያት ከእርስዎ ሌላ ማን ሊሆን ይችላል?

አልዋሽዎትም፣ ተናደድኩ። አባታችሁ ልጄ ሞታለች ብለው ድንኳን አስጥለው ለቅሶ ተቀመጡ። ሞታለች ካላችሁ በኋላ የልጇን ዱካ የምትከተሉት በምን መብት ነው እያልኩ፣ ዳዊቴን ገልጬ እንኳ ከእርስዎ ጋር ስሟገት ሰነበትኩ።

ትናንት ሄራን ደወለች። ከሦስት ቃል ሁለቱን እንግሊዝኛ የምታደርግ ልጅ ትናንት በአማርኛ ብቻ አናገረችኝ። ፍርሃቴ የጀመረው ከዚያ ነው። «አባዬ፣ ወደ ለንደን አልመጣም። ከሶፊያ ጋር ደሴ እሄዳለሁ» አለችኝ። «ደሴ ማን አለሽ?» አልኳት። «አንተ ታውቃለህ» አለች። ቀጥላም አንድ ነገር ጠየቀችኝ። «እህቷ ትጽፍላት እንደነበር እማዬ ታውቅ ነበር?»

መስመሩ አይሰማም ብዬ ዘጋሁት። ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር።

እንግዲህ ይህን ደብዳቤ ስጀምር ልለምንዎ ያሰብኩትን ልንገርዎ። ሄራን ስትጠይቅዎ «ፖስታ ቤት ጠፍቶ ይሆናል» ብለው እንዲመልሱልኝ ነበር። ማንም ሳይጎዳ ያልፋል ብዬ። እዚህ ድረስ ጻፍኩና ተነስቼ ሥዕለ አድኅኖው ፊት ቆምኩ። የለመድኩት ጸሎት ከአፌ አልወጣ አለኝ። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

እትዬ፣ እኛ ሰፈር ፖስታ የሚመጣው ከረፋዱ አምስት ሰዓት ግድም ነው። በዚያ ሰዓት እህትዎ ሥራ ላይ ነበረች። እኔ የጠዋቱን ጨርሼ የከሰዓቱን እስክጀምር ቤት ነኝ። አባታችሁ ሊያርፉ ሲሉ ስሟን እየጠሩ እንደነበር አውቃለሁ። እርስዎም አንድ ፎቶዋን ብቻ እንደለመኑ አውቃለሁ። ከሄደች አትመለስም ብዬ ፈራሁ። የመጀመሪያውን ደብዳቤዎን ካስቀረሁ በኋላ ሁለተኛውን አውጥቶ መስጠት እንዴት እንደሚከብድ ለማን ይነገራል? ሦስተኛው ሲመጣማ እጄ ለምዶ ነበር።

ሆስፒታል በተኛችበት በመጨረሻው ሳምንት «እህቴ እንኳ አንድ ቃል ብትልክልኝ ምን ነበር» አለችኝ። እጇን ይዤ «እግዚአብሔር ያውቃል» አልኳት። እሱስ ያውቅ ነበር። ለንስሐ አባቴ ብዙ ኃጢአት ተናግሬያለሁ፤ ይህን ግን አልነገርኳቸውም። ስድስት ሳምንት ሙሉ ሶፊያ ምን ትደብቃለች እያልኩ ፎቶ ስበረብር የከረምኩት የራሴን ነገር ፍለጋ ነበር መሰለኝ።

ይህን ወረቀት የምታመጣልዎ የዓለምሰገድ እህት ኤልፍነሽ ናት። ነገ ትበራለች፤ ሄራን ደሴ ከመግባቷ በፊት ይደርስዎታል። የጠየቀችዎትን ሁሉ እንዳለ ይንገሯት፤ እኔን አይሸፍኑኝ። አባቴን ማየት አልፈልግም ካለችም አያስገድዷት፤ እርስዎ ዘንድ ትቆይ። ከባሕር ዳር ነው የምትመጣው፣ ለደሴ ብርድ የሚሆን ልብስ አልያዘችም፤ ጋቢ ይስጧት። ሶፊያንም በክፉ ስለጠረጠርኳት ይቅር በዪው ይበሉልኝ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ። እኔ እህትዎን የማውቃት ከሃያ ሁለት ዓመቷ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ምን ትጫወት እንደነበር፣ ማንን ትፈራ እንደነበር፣ ምን እንደሚያስቃት ጠይቄያት አላውቅም፤ ከጠየቅኋት ትናፍቃለች ብዬ። ለሄራን ይንገሯት፤ ምንም ሳያስቀሩ። አንድ ቀን ወደ ቤቷ ከተመለሰች ለእኔም ትነግረኝ ይሆናል።

ለእርስዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ ለማለት ገና አልደፈርኩም። ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፤ ቤትዎን ሰላም ያድርግልዎ፤ በሚሰግዱበት ሰዓት ልጄን አይርሷት።

የታናሽ እህትዎ ባል